ልዩነቱን አሳይ

ኩርሙክ ሥራዋን ድንገት አቋርጣ ጥያቄ ጠየቀች።

«ይኸው መጣች ደግሞ!» አለች ትህትና፤ ጣቷን ኪቦርዱ ላይ እንዳንዣበበች። «አንብቢያ! ምን ትላለች?»

ጣሂራ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። አንድ ግራጫ ሳጥን ብቅ ብሎ እንግሊዝኛውን ከላይ እስከ ታች ደርድሮባታል።

ኩርሙክ ኮምፒውተር ናት። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ድሮ ቁጥር ነበራቸው፤ ቁጥሩን የሚያስታውስ ሰው ስለጠፋ ግን የኮምፒውተር ክበቡ ልጆች በክልሉ ከተሞች ስም ጠሯቸው። በር ዳር ያለችው ባምባሲ ናት፣ መስኮቱ ስር ያለችው ማንቡክ። አሶሳ የሁሉም ዋና ናት፤ የትምህርቱ ቪዲዮና መጽሐፍ በሙሉ እሷ ሆድ ውስጥ ስለሆነ ሌሎቹ ከእሷ እየተቀበሉ ነው የሚያሳዩት። ኩርሙክና አሶሳ አብረው በእርዳታ የመጡ እኩያሞች ናቸው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ያረጁ፣ ሲነሱም የሚያቃስቱ።

ክበቡ አንድ ሕግ አለው። ማሽን ሲጠይቅ አንድ ሰው ያነባል፣ አንድ ሰው ይጫናል። አንባቢው የተባለውን በአማርኛ እስኪናገር ድረስ ተጫኙ እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። ሕጉን ያወጡት የኮምፒውተር አስተማሪው መምህር ሰራዊት ናቸው፤ ልጆቹ የእንግሊዝኛ ጥያቄ በመጣ ቁጥር እንደማይፈለግ እንግዳ ኢንተር እየተጫኑ ሲሸኙት አይተው።

ጣሂራ አንባቢ ናት፣ ትህትና ተጫኝ። ትህትና ስሟን ያወጡላት ሰዎች ገና ሳያውቋት ነው ያወጡላት፤ እጇም ምላሷም ፈጣን ነው። ያም ሆኖ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው፣ አሁን አስረኛን ሊጨርሱ ነው።

«ቆይ እስቲ» አለች ጣሂራ። «አንድ ፋይል አለ፣ የግራብ ፋይል። አዲስ ቅጂ መጥቶለታል። ግን እዚህ ያለውን ሰው ነክቶታል፣ ምን ላድርግ? ነው የምትለው።»

«ምርጫውስ?»

«አንደኛው፣ የጥቅሉን… የምናምኑን ቅጂ ጫን። ሁለተኛው፣ እዚህ ያለውን እንዳለ ተው። ሦስተኛው፣ ልዩነቱን አሳይ። ከዚያ ሌላም ሌላም አለ።»

«የማን ምናምን?»

ሜይንቴይነር የምትል ቃል ነበረች፤ ጣሂራ አታውቃትም። «ያው… የአዲሱ» አለች።

«ገብቶሻል አይደል?»

«አዎ፣ ገብቶኛል።»

አልገባትም ነበር። እነጣሂራ ቤት የሚወራው በርታኛ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛዋ፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛዋ ነው። ሦስቱንም ጥሩ አድርጋ ትችላለች። ግን አምና ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ተሳስታ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት፣ ትህትና ሳትቀር። ከዚያን ቀን ወዲህ «አልገባኝም» የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም።

«ታዲያ ምን ያሳስባል?» አለች ትህትና። «ልናድስ አይደል እንዴ የመጣነው? አዲሱ ነዋ! ቶሎ በይ፣ መብራት ሳይሄድብን።» ኮምፒውተሯ ራሷ ምልክቷን ያሳረፈችው «እንዳለ ተው» የሚለው ላይ ነበር። ትህትና ምልክቱን ወደ ላይ አንቀሳቅሳ ኢንተርን ተጫነች።

ሳጥኑ ጠፋ። ጽሑፉ እንደገና መንጎድ ጀመረ። ሁለቱም ትንፋሻቸው ተመለሰ፤ ትህትና ጭራሽ ዘፈን ማንጎራጎር አማራት።

ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤት የመጡት ለቁልፍ ነው። ክረምቱን ሙሉ ይህ የኮምፒውተር ክፍል ተቆልፎ ነበር የሚከርመው። ዘንድሮ ክበቡ ተሰብስቦ ምክትል ርዕሰ መምህርቷን፣ ወይዘሮ ብዙወርቅን፣ ለመነ። እሳቸውም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «የኮምፒውተሮቹን ፕሮግራም ያለ መምህር አድሳችሁ፣ ሁሉም ደህና ሲነሱ አሳዩኝ። ያን ጊዜ ቁልፉን ለክረምቱ እሰጣችኋለሁ።»

ቁልፉን እንደ ጣሂራ የፈለገ የለም። ሰፈሯ ውስጥ እንደሷ በርታኛ ብቻ እየተናገሩ አንደኛ ክፍል የገቡ፣ አሁን አምስተኛና ስድስተኛ ደርሰው አማርኛውም እንግሊዝኛውም ያልያዘላቸው ልጆች አሉ። ክረምት ሲመጣ አሶሳ ላይ ባሉት ቪዲዮዎች እያሳየች፣ ካስፈለገም በርታኛ እየተረጎመች ልታስጠናቸው ቃል ገብታላቸዋለች። ልጆቹ ባገኟት ቁጥር «ክረምት መቼ ነው?» እያሉ ይጠይቋታል፤ ከዚህ በፊት ክረምት እንዲህ ናፍቋቸው አያውቅም።

ኩርሙክ መታደሷን ጨርሳ ጠፍታ ተነሳች። ማራገቢያዋ አጓራ፣ አረንጓዴ መብራቷ በራ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

ጠበቁ። ጥቁር ነው። ትህትና የስክሪኑን ገመድ ነቅላ ሰካች፣ ጎኑን በመዳፏ መታችው። ያው ጥቁር።

«ተበላን» አለች ትህትና ቀስ ብላ።

ጣሂራ ሌሎቹን ኮምፒውተሮች ዞራ አየች። አሶሳ ገና በመታደስ ላይ ናት፤ ከሌሎቹ ግን አንዳቸውም እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቁም፣ ሁሉም ታድሰው ደህና ተነስተዋል። ጥያቄ የጠየቀችው ኩርሙክ ብቻ፣ የጨለመችውም ኩርሙክ ብቻ። ሌላ ምን ምክንያት ይኖረዋል?

«ስሚ፣ መብራት ነው እንላለን» አለች ትህትና። ድምጿን ዝቅ አድርጋለች፣ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው። «ጠዋት ብልጭ ድርግም ሲል አልነበር? ማንም አይጠይቀንም።»

እውነቷን ነው፣ ማንም አይጠይቅም። ፍሪጅ ሲበላሽ መብራት ነው፣ የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲቀር መብራት ነው፣ ሰው ሲያረፍድ እንኳ መብራት ነው። ጣሂራ አፏን ከፍታ ልትመልስ ስትል ከበረንዳው የቁልፍ መቅጨልጨል ተሰማ።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ቀድመው ገቡ፣ መምህር ሰራዊት ከኋላ። መምህሩ እጃቸው ላይ ቀይ እስክሪብቶ አለ፤ አጠገብ ያለው ክፍል ውስጥ የፈተና ወረቀት እያረሙ ነበር። «ጥያቄ ካላችሁ ጥሩኝ፣ ካልጠራችሁኝ አልመጣም» ብለው ነበር ጠዋት የተለዩዋቸው።

«እንዴት ናችሁ ልጆች? አለቀ?» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ።

«ሊያልቅ ነው» አለች ትህትና። «ግን ኩርሙክ… መብራቱ ብልጭ ሲል በዚያው ጠፋች። ከዚያ ወዲህ አልበራ አለች።»

ጣሂራ መሬት መሬት አየች።

መምህር ሰራዊት ኩርሙክን አጥፍተው አስነሷት። ማራገቢያው አጓራ፣ ስክሪኑ ጥቁር። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባለፈው ዓመትም አንዷን እንዲሁ መብራት ነው የገደለብን» አሉ። ጨርሶ አልተጠራጠሩም። ያ ለጣሂራ ከቁጣም ባሰባት።

«እንግዲህ መምህር፣ ነገሩ በቃ» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ። «ገና ክረምቱ ሳይገባ እንዲህ የሆነ መብራት ክረምት ላይ ከነመብረቁ ምን ሊያደርግ ነው? የቀሩትን ላስጨርስ እንዴ? ሁሉም ይነቀሉና ላስቲክ ለብሰው ይቆለፍባቸው። መስከረም ላይ እናየዋለን።»

«ወይዘሮ ብዙወርቅ፣ ልጆቹ እኮ…»

«ልጆቹ ምንም አላጠፉም። መብራት ነው፣ ምን ይደረግ?» ወደ ሁለቱ ዞረው ፊታቸውን ፈታ አደረጉ። «አይዟችሁ። ደክማችኋል፣ አይቻለሁ። ገመዶቹን ንቀሉልንና እኛ ላስቲኩን ከመጋዘን ይዘን እንምጣ።»

ወጡ። የጫማቸው ድምፅ በበረንዳው ላይ ራቀ።

ትህትና ወደ በሩ አየች። ለመዳን ብላ የተናገረችው ነገር ራሱ በሩን ቆለፈባቸው። ሄዳ ባምባሲን ነቀለች፣ ከዚያ ማንቡክን።

ጣሂራ ወደ አሶሳ ሄደች። ገመዷን ልትይዝ ስትል ስክሪኑን አየች፣ እጇም ባለበት ቆመ። ኩርሙክን ሲያድሱ እሷንም አብረው አስጀምረዋት ነበር። አሁን ግራጫው ሳጥን እሷም ላይ ወጥቷል። ያው ፋይል፣ ያው ጥያቄ። ምልክቱ «እንዳለ ተው» የሚለው ላይ ቆሞ መልስ ይጠብቃል።

«ንቀያትና እንሂድ» አለች ትህትና ከጀርባዋ። ድምጿ እንባ እንባ ይላል።

«መሃል ላይ ናት እኮ። አሁን ከነቀልናት እሷም ትበላሻለች።»

«እንግዲያው አንዱን ተጫኚና ጨርሺው።»

ጣሂራ አንዱንም አልተጫነችም። አምና አጎቷ ኦመር ወደ ክበቡ ተጋብዞ መጥቶ ነበር፤ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ነው። አጎቷ አማርኛ ሲናገር ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው። መሃላቸው ቆሞ፣ እሷን እያየ፣ «ጣሂራ፣ ያልገባህ ነገር ካለ አልገባኝም በል። እኔ ገባኝ ብዬ ለሐኪም ብዋሽ፣ መድኃኒቱን የሚውጠው እኔ አይደለሁም፣ በሽተኛ ነው» አለ። ልጆቹ ያን ቀን በአነጋገሩ ሳቁ። እሷም አፍራ አብራ ሳቀች። አሁን ትዝ ሲላት ያን ሳቋን ብትመልሰው በወደደች።

ምልክቱን ወደ ታች አወረደችና «ልዩነቱን አሳይ» የሚለውን ተጫነች።

ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች አንዱ ከአንዱ ስር ወጡ። አንዱ ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት አለው፣ ሌላው የመደመር። እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ጣሂራ በጣቷ እየተከተለች ቃል በቃል አነበበቻቸው። የሚለያዩት ጭራቸው ላይ ነው፤ የድሮው መስመር አንድ ቃል ይተርፈዋል። ኖሞድሴት ይላል። አዲሱ ላይ ይህ ቃል የለም።

«ትህትና፣ ነይ እዪ።»

«ምንድን ነው?»

«በዓመቱ መጀመሪያ ቲቸር እነዚህን ሁለቱን ሲያስነሱ ስክሪናቸው እየጨለመ ሲያስቸግራቸው ትዝ ይልሻል? ከዚያ አንድ ነገር ጻፉና ‹እነዚህ አሮጊቶች ዓይናቸውን የሚገልጡት ቀስ ብለው ነው፣ ሳይቸኩሉ እንዲነቁ ነግሬያቸዋለሁ› ያሉት?»

ትህትና አስታወሰች፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ግራብ ምን እንደሆነም ያኔ ነው የነገሯቸው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነቃ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ ማለዳ ቀድሞ ተነስቶ ቤተሰቡን እንደሚቀሰቅስ ሰው። ፋይሉ ደግሞ ማንን እንዴት አድርጎ እንደሚቀሰቅስ የተሰጠው ትእዛዝ ነው።

«እና እኛ ያንን ቃል…»

«አጠፋነው። አዲሱን ስንጭን አብሮ ሄደ። ኩርሙክ አልሞተችም፣ ትህትና። ነቅታለች፣ ዓይኗን ነው ያልገለጠችው።»

ትህትና አንድ አፍታ በደስታ ዘለለች፣ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ተለወጠ። «ታዲያ ልንነግራቸው ነው? ዋሽታችኋል ሊሉን? ቁልፉን መቼም አይሰጡንም።»

«ዝም ስላልንስ ሰጡን?»

«የተጫንኩት እኔ ነኝ። ለአንቺ ቀላል ነው።»

«ያልገባኝን ገባኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ጣሂራ። ከአፏ ሲወጣ እንደፈራችው አልነበረም። «አንዷን ቃል አላወቅኳትም። ትስቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ትህትና ዓይኗን ወደ ኩርሙክ መለሰች። ጣሂራም አልጠበቀቻትም። በሩን ከፍታ ወጣች።

መጋዘኑ ከማንጎዎቹ ማዶ ነው። ሰማዩ ከብዷል፤ መሬቱ ላይ የወደቁ ማንጎዎች ጫማዋ ስር ይሟልጫሉ። እሷ ግን አልቆመችም። መምህር ሰራዊትና ወይዘሮ ብዙወርቅ የተጠቀለለ ላስቲክ በግራና በቀኝ ይዘው ሲወጡ አገኘቻቸው።

«ቲቸር፣ መብራት አይደለም» አለች።

ሁለቱም ቆሙ። ጣሂራ ነገሩን ከሥሩ ተናገረች፤ ጥያቄውን፣ ምርጫዎቹን፣ ያላወቀቻትን ቃል፣ አሶሳ ላይ ያየችውን ልዩነት። አማርኛዋ ሁለት ሦስቴ ተደነቃቀፈባት፤ እሷ ግን ቀጠለች። ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ተሰማና ትህትና እያለከለከች አጠገቧ ቆመች።

«መብራት ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ትህትና። «ሳትጨርስ የተጫንኩትም እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልን።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ የላስቲኩን ጫፍ መሬት አስነኩት። ፊታቸው ላይ የቅድሙ ፈታ ማለት የለም። «እኔ በእናንተ ቃል ነው ክፍሉን ልቆልፍ የነበረው» አሉ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

መምህር ሰራዊት ግን ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ኖሞድሴት! እኔው ጽፌው እኔው ረሳሁት! ኑ፣ ኑ!» ላስቲኩን እዚያው ጥለው በረዶ እንደመጣበት ሰው በእርምጃ ሳይሆን በዝላይ ሄዱ።

ኩርሙክ ፊት ትህትናን አስቀመጧት። «ስትነሳ ሺፍትን ያዢ፣ እንዳትለቂ።» ያዘች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው ዝርዝር ብቅ አለ፤ ግራብ ራሱ ነው፣ ማንን ልቀስቅስ እያለ። መምህሩ መስመሩን እንዴት እንደምትከፍትና የት ላይ እንደምትቆም ነገሯት፤ ከዚያ ዞረው ጣሂራን አዩዋት።

«ቃሉን ታስታውሺዋለሽ?»

«አዎ።» አሁን እውነቷን ነው። ፊደል በፊደል ነገረቻት፤ ትህትና እያንዳንዱን ፊደል ጠብቃ ጻፈች። ከዚያ ለማስነሳት ኤፍ አስርን ተጫነች።

ስክሪኑ ብልጭ አለ፣ ጨለመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ አሮጊት፣ በራ። ትህትና ጮኸች። ጣሂራ ልቧ በደስታ ሊወጣ ደረሰ፤ ግን ወይዘሮ ብዙወርቅ ቆመው ስለነበር ጩኸቷን ዋጠችው።

«ይሄ ለዛሬ ብቻ ነው» አሉ መምህር ሰራዊት። «ስትጠፋ ትረሳዋለች። ፋይሉ ላይ መልሰን እንጽፍላታለን።» ከዚያም ከአንደኛዋ ወደ ሌላዋ እያዩ፣ «ብትጠሩኝ ኖሮ እኮ እመጣ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፣ ቅሬታ ግን አለ።

ወይዘሮ ብዙወርቅ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። የቁልፉ ቀለበት አንድ ጣታቸው ላይ ነው። «አሶሳ ቀርታለች አይደል?» አሉ። «እስቲ ልያችሁ። ስለ ሌላው ከዚያ በኋላ እናወራለን።» ወንበር ስበው ከኋላ ተቀመጡ።

አሶሳ እንደጠየቀች ነበረች። ግራጫው ሳጥን አልተንቀሳቀሰም። ትህትና ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠች፣ ጣሂራ ከጎኗ። ውጪ ዝናቡ ጀመረ፤ ቆርቆሮው መንጣጣት ያዘ። የጣሪያው አምፖል አንዴ ደብዘዝ ብሎ መለስ አለ። ሁሉም ቀና ብለው አዩት።

ጣሂራ ትህትና እንደ ልማዷ «ቶሎ በይ» ትላለች ብላ ጠበቀች። ትህትና ግን ሁለት እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እስክትጨርሺ አልነካውም» አለች።

ጣሂራ ከላይኛው መስመር ጀመረች። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችው። የትኛው ምርጫ እንደሚያዋጣ አሁን ታውቃለች፤ ምልክቱም እዚያው ላይ ነው። «እንዳለ ተው» ብላ ልትጨርሰው ትችላለች። ማንም ምንም አይላትም፣ ወይዘሮ ብዙወርቅም እያዩ ጎበዝ ይሏታል።

የመጀመሪያው ምርጫ ላይ ስትደርስ ያቺ ቃል ጠበቀቻት። ጣሂራ ቆመች። ከኋላዋ የቁልፉ ቀለበት ቅጭል አለ። የሰፈሯ ልጆች ትዝ አሏት፣ «ክረምት መቼ ነው?» ሲሉ።

«ይቺ ቃል አልገባችኝም» አለች፣ ጮክ ብላ።

ማንም አልሳቀም። ወንበር ተንኳኳና ወይዘሮ ብዙወርቅ ተነስተው መጡ። መነጽራቸውን ከቦርሳ ለማውጣት ሁለት እጅ ስላስፈለጋቸው ቁልፉን ጣሂራ ክንድ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«የቷ?» አሉ።